ለመሰበር የተቆረጠች ስፒና

«እኔ የሚሰበር ዕቃ አልሠራም አልኩህ! ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሠርቼ አላውቅም፣ ዛሬም አልጀምርም!»

«ጋሼ እንዳሻው፣ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እየሰማ ነው።»

«ይስማ! ጭሮ በሙሉ ይስማ! መካኒኩ በክሪ ቶርኖ ቤቴ ድረስ መጥቶ ስሜን ሊያበላሽ ነው!»

በክሪ ግራሶ የጠጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቁን ዋጠ። የጣት ርዝማኔ በሌላት ብረት ሲነታረኩ ይህ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫት ነጋዴዋ ሉባባ ከአባቷ የወረሰቻት፣ አርባ ዓመት ያለፋት ላንድክሩዘር አለቻት። ዝናብ በጣለ ቁጥር የመሰላ መንገድ ጎማዋን ይውጣል። ጫት ደግሞ አይጠብቅም፤ ረፋድ ላይ ሰው የሚሻማበት ቅጠል አመሻሽ ላይ የፍየል ነው። ስለዚህ ሉባባ ዊንች ፈለገች፤ መኪና አፍንጫ ላይ ተቀምጦ በካቦ፣ በብረት ገመድ፣ ከጭቃ የሚጎትተውን። በባትሪ የሚሠራውን ወንድሟ ሊያመጣላት ሲል በክሪ አሻፈረኝ አለ። «የባትሪው ለሽርሽር ነው። ሁለቴ ጎትቶ ይተኛል፤» ብሎ ገለምሶ ድረስ ሄደና አንድ ግቢ ውስጥ ሣር የበቀለበት አሮጌ ዊንች አስጭኖ መጣ። ይኼኛው ባትሪ የሚባል አያውቅም። ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጎን የሚወጣ ማርሽ ረጅም ዘንግ ያዞራል፤ ዘንጉ በሞተሩ ሥር አልፎ ፊት ለፊት ያለውን፣ ካቦው የሚጠቀለልበትን ከበሮ ያዞራል። ሞተሩ እስከተነሣ ድረስ ድካም የለበትም።

ያንን ዘንግ ብረት በሚቆርጥበት ቶርኖው የቆረጠው እንዳሻው ነው። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ከዳር እስከ ዳር በኖራ ቀጥ ያለ መሥመር አሰመረበትና ሥራ ፈቶች ፊት ሲያዞረው፣ እንደ ቆመ ውሃ ነበር፤ ንቅንቅ የለም። ሂርና ያለው የወፍጮ ዘንግ የእሱ ሥራ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲዞር አንድ ቀን አላስቆመም። በከተማው አንድ ነገር እምቢ ብሎ ሲጠነክር፣ የግትር ሰው ጠባይ እንኳ ቢሆን፣ «እንዳሻው ነው የቆረጠው» ይባላል። ይህን ሲሰማ ያልሰማ መስሎ ያልፋል፤ ማታ ለሚስቱ ለዘርፈሽዋል ግን ይነግራታል።

አሁን የቀረችው ዘንጉን ከከበሮው የምታያይዘው ስፒና ናት። በክሪም ከለስላሳ ፌሮ ተቆርጣ፣ ወገቧ ላይ ዙሪያውን ቀጭን ቦይ ይውጣላት ባይ ነው።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ። ጭነት ከልክ ሲያልፍ የግድ አንድ ነገር ይሄዳል። ካቦው ከተበጠሰ ሰው ይቆርጣል። ካምቢዮው ከተሰነጠቀ ደግሞ ወላሂ የዚህን ዓይነት ሐረርጌን ባስስ አላገኝም። እሷ ቀድማ ትሰበርልን። ለመሰበር ነው የምትሠራው።»

«ለመሰበር የምትሠራ!» አለ እንዳሻው፣ ስድብ እንደተሰደበ ሰው። «እንግዲያው ከካሮት ቁረጣት!»

ዞሮ ዞሮ ቆረጠ። አራት ለስላሶች ሠራ፤ ሲሠራም በግማሽ ልብ መሥራት አልሆነለትም፤ የአራቱም ቦይ በመለኪያ ሲታይ የፀጉር ያህል አይለያይም። ከዚያ ቶርኖ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ከከባድ መኪና አክስል ስባሪ አምስተኛ ስፒና አወጣ። ጠንካራ፣ ቦይ የሌላት። ቅዳሜ ጠዋት፣ «የገዛ ሥራዬን እኔው ልግጠማት» ብሎ ከመኪናዋ ሥር ገባና አምስተኛዋን ገጠማት። አራቱን ኪሱ ከተተ።

ለሙከራ ወደ መሰላ ሲወጡ ሙከራው ራሱ መንገድ ላይ ሲጠብቃቸው አገኙት። የሾፌሩ የታጁዲን አይሱዙ ሽንኩርት እንደጫነ መታጠፊያው ላይ እስከ አክስሉ ሰምጦ ነበር። ታጁዲን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሳቀባቸው።

«ኧረ ሉባባ! ይኼ ፊቷ ላይ ያንጠለጠልሽባት ምንድን ነው? የአያትሽ የቡና ወፍጮ?»

«ያወጣሃል፣ ከዚያ ስሙን ትጠራለህ፤» አለችና መሪዋ ላይ ተደላደለች።

በክሪ በላንድክሩዘሯ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ሸነቀረ፤ ካቦውን ስቦ አይሱዙው ላይ አሰረ፤ መንገደኛውን ወደ ዳር አባረረ። እንዳሻው ግን ተንበርክኮ ከመኪናዋ ሥር ዘንጉን ያያል። ሉባባ ማርሹን አስገብታ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች።

ካቦው ተወጠረ፤ ማልቀስ ጀመረ። አይሱዙው ንቅንቅ አላለም። የላንድክሩዘሯ አፍንጫ ወደ መሬት ተደፋ፤ ሞተሩ አቃሰተ። እንዳሻው ያን ጊዜ የኖራውን መሥመር አየ። ቀጥ ብሎ የተሰመረው መሥመር እንደሚጨመቅ ልብስ እየተጠመዘዘ ነበር። ከበላዩ፣ ከካምቢዮው በኩል፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ሰማ። ሠላሳ አራት ዓመት ብረት ሲጮህ የሰማ ጆሮ ያንን ድምፅ ያውቀዋል። በክሪ ከካቦው ሦስት እርምጃ አይርቅም። የሚሰበረው እንዳይሰበር አድርጎ የሠራው ራሱ ነው።

«ፍሪሲዮን! ሉባባ፣ ፍሪሲዮን ርገጪ!»

ረገጠች። ካቦው ረገበ።

እንዳሻው ጉልበቱ ላይ ያለውን ጭቃ ሳያራግፍ ተነሣ። «በክሪ፣ ስፒናዋን አውጣት። ያልከኝ አይደለችም። ከአክስል ነው የቆረጥኳት።»

በክሪ ገብቶ መታት፤ አወጣት፤ መዳፉ ላይ አገላብጦ አያት። እንዳሻው ቁጣ ጠበቀ፤ ቁጣ ቢመጣ ይሻለው ነበር።

«የእጅዎ ሥራ ስለሆነች ለስላሳነቷን በሞረድ እንኳ አልሞከርኩም፤» አለ በክሪ ቀስ ብሎ።

እንዳሻው አንገቱን ደፋ። ኪሱ ገብቶ አንዷን ለስላሳ አወጣና ሰጠው። «ይችን ሞክራት።»

በክሪ ከኪሱ ሞረድ አወጣ፤ ጫፏን ነካ አደረጋት፤ ሞረዱ ነከሳት። ቦይዋን በጥፍሩ ዙሪያውን ዳሰሰው። «ማሻአላህ፤» አለ ለራሱና ገብቶ ገጠማት።

እንደገና ሉባባ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። ካቦው ተወጠረ፤ የመኪናዋ አፍንጫ ተደፋ፤ ኖራው መጣመም ሲጀምር፣ ጠቅ! ከበሮው ቆመ፣ ዘንጉ ብቻውን ቀልሎ ዞረ።

«ተሰበረ!» ብሎ ታጁዲን ጮኸ። «ሰዎች ሆይ፣ መስክሩ! የጋሽ እንዳሻው ሥራ ተሰበረ! ለልጅ ልጅ የሚነገር ነው!»

መንገደኛው ሳቀ። እንዳሻው ፊቱ ጋለ። ግን እግሩ ወደ መኪናዋ ወሰደው፤ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ስባሪዎች ለቀመ። በአውራ ጣቱ ጠራረጋቸውና ወደ ብርሃን አነሣቸው። ልክ ቦይዋ ላይ ነው የተቆረጠችው፤ በቢላ እንደተቆረጠ አይብ፣ ፊቷ ንጹሕ፣ ዝንፍ የለም። ዘንጉን አየ፤ ኖራው ተመልሶ ቀጥ ብሏል። ካምቢዮው ዝም። ካቦው ደህና። በክሪም ከነሙሉ ጣቶቹ።

«ታጁዲን፣» አለ እንዳሻው ጮክ ብሎ፣ «ና እይ። ባልኩት ቦታ፣ ባልኩት ልክ ነው የሄደችው። አንድ ነገር እንዲሰበር በታዘዘበት ቦታ ሲሰበር አይተህ ታውቃለህ?»

«ተሰበረ አልኩ እንጂ ክፉ ሠራ አላልኩም፤» አለ ታጁዲን ሳቁን እየሰበሰበ።

«እሷ ነገረችን፤» አለ በክሪ። «ከዚህ በላይ በቀጥታ አትጎትቱ አለች። አካፋ አምጡ!»

ከአይሱዙው ጎማዎች ፊት ያለውን ጭቃ ቆፈሩ። በክሪ ሸክሙን ለሁለት የሚያካፍል መዘውር አይሱዙው ላይ አስሮ፣ ካቦውን በመዘውሩ አዙሮ ዳገቱ ላይ ከቆመ ዛፍ አሰረው። ሁለተኛዋን ለስላሳ ስፒና ሊገጥም ሲል ቆመና ለእንዳሻው ዘረጋለት። «የገዛ ሥራዎ ናት ጋሼ።»

እንዳሻው ከመኪናዋ ሥር ገባና ገጠማት።

በዚህኛው ጊዜ ካቦው አላለቀሰም። ከበሮው ቀስ፣ ቀስ እያለ ዞረ፤ ዘንጉ እንደ ቆመ ውሃ። ጭቃው በትልቅ ድምፅ አይሱዙውን ተፋው፤ ሽንኩርቱን እንደጫነ ወደ ደረቁ ወጣ። ስፒናዋ አልተነካችም። እልልታው መታጠፊያውን ሞላው። ሉባባ ከመኪናዋ ወርዳ ኮፈኗን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረገቻት። ታጁዲን ከበሮውን ዙሪያውን እያየ፣ «እሺ፣ ይኼ ነገር ስሙ ማን ነበር?» ይላል፤ በክሪ ገና ከሥሩ ጀምሮ ሊያስረዳው ነው፤ መንገደኛው ለመስማት ከበበው።

እንዳሻው የቀሩትን ሁለት ስፒናዎች የላንድክሩዘሯ መቀመጫ ላይ አስቀመጠ። ጠንካራዋን ከበክሪ ተቀብሎ ከመንገዱ በታች ወዳለው ገደል ወረወራት። ሁለቱን ስባሪዎች በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተታቸው፤ ዘርፈሽዋል ታያቸዋለች። ከዚያ በመንገዱ ዳር ዳር፣ ደረቁን እየመረጠ፣ ወደ አስፋልቱ ወረደና ከሂርና ወደ ጭሮ ለሚመጣው ሚኒባስ እጁን ዘረጋ።