የታጠበው አምባር

ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛዋን ማለስለሻ ክሬም እንደተቀባች ወንበር ላይ ትታት ወደ ጓዳ ሮጠች። ተመራማሪዋ በር ላይ ደርሳለች! መሳቢያውን ከፈተች፤ በፌስታል የጠቀለለችውን የጎማ አምባር አወጣችና ጓንቷን መንጭቃ አውልቃ እጇ ላይ አጠለቀችው።

አምባሩን የሰጠቻት ተመራማሪዋ ናት፤ ሰባት ቀን ሙሉ እንዳታወልቀው ነግራት ነበር። በቤትም በሥራም ቦታ ያለውን፣ ሆርሞን የሚያዛባ ኬሚካል ስቦ ይይዛል፤ ከዚያ ላብራቶሪ ገብቶ ይመረመራል። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ሦስተኛው አሁን አምስተኛ ወሩን ይዟል። ሥራዋ ይጎዳው እንደሆነ ልወቅ ብላ በገዛ ፈቃዷ ነው የተመዘገበችው። ታዲያ ምን ነካት? ጠዋት ፀጉር ሳሎኑ ስትገባ ታወልቀዋለች፤ ማታ ቤቷ ስትደርስ በሳሙና አጥባ ታጠልቀዋለች። የሰው ዕቃ ቆሽሾ እንዴት ይመለሳል? ለራሷ የምትነግራት ምክንያት ይህች ናት። እውነቱን ለመናገር ግን ውጤቱን ፈርታው ነው።

"ሰላይሽ ሊሄድ ነው፤ ነይ እንጂ!" አለች የሳሎኑ ባለቤት አንገቷን ብቅ አድርጋ። አምባሩን "ሰላዩ" ያለችው እሷ ናት። "ሳሎኔን መርዝ ቤት ነው ብለው ቢያዘጉብኝ፣ ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ ነው የምለው።"

"ኧረ እትዬ! የሚመረምሩት እኔን እንጂ ሳሎኑን አይደለም።"

"አንቺስ ብትሆኚ የት ነው የምትውዪው?"

 ፀጉር ሠሪዋ አምባሩን አስተካክላ ከጓዳው ወጣች።

ተመራማሪዋ ቅጿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠበቀቻት።

"እህቴ፣ አውልቀሽው ታውቂያለሽ?"

"እኔ? ኧረ በጭራሽ!"

ተመራማሪዋ አምባሩን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና ፈገግ አለች።

"ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ለነገሩ ገላሽን ስትታጠቢም አድርጊው ብያለሁ። እንግዲህ ውጤቱም እንዲህ ንጹህ ከሆነ፣ ሐኪምሽ እስክትወልጂ እዚሁ ሥሪ ይልሻል።"

እስክትወልጂ! ፀጉር ሠሪዋ እጇን ሆዷ ላይ አኖረች።  ያታለለች የመሰላት ላብራቶሪውን ነበር፤ ለካ ሳምንቱን ሙሉ የዋሸችው ልጇን ነው። አፈረች።

አምባሩ ማሸጊያው ውስጥ ሊገባ ሲል እጇን ዘረጋች።

"ቆይ እህቴ፤ ዋሽቼሻለሁ። ሥራ ላይ አውልቄው ነበር የምውለው። ሌላ ይዘሻል?"

የሳሎኑ ባለቤት የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ አጥፍታ አፈጠጠችባት። "አበደች እንዴ ይቺ ልጅ?"

"እትዬ፣ ቢያባርሩኝም ቅር አልሰኝም። ሦስተኛውን ግን አልቀብርም።"

 ተመራማሪዋ ቅጹን ሰርዛ አዲስ አምባር ከቦርሳዋ አወጣችና እጇ ላይ አጠለቀችላት።

"ኧረ ጭንቅላቴ ሊቃጠል ነው!" ብላ ጮኸች የተረሳችው ደንበኛ።

"መጣሁ፣ መጣሁ!"

ጓንቷን አጠለቀች። ከዚያ የጓንቱን አፍ ወደ ታች አጠፈችው፤ አዲሱ አምባር እንዳይሸፈን። እንዲህ አድርጋ ክሬሙን ልታጥብ ጎንበስ አለች።