አንድ ንፍፊት፣ ሁለት ደዌ

«ኧረ በስመ አብ!» አለች ዶክተር ትርሐስ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አንስታ። ከዚያ ያየችውን አላመነችምና ደግማ አጎነበሰች።

መስታወቱ ላይ ያለው ከአባባ ሻንቆ አንገት የወጣ ንፍፊት ነው። አባባ ሻንቆ የሁምቦ ገበሬ ናቸው፤ ንፍፊቱ ሊምፎማ የሚሉት ካንሰር መሆኑን ትናንት ራሷ ፈርማበታለች። ዛሬ ኬሞ ሊጀመርላቸው ነው። እሷም መስታወቱን መልሳ ያወጣችው ለተማሪዎቿ ላሳይ ብላ ነበር። ታዲያ በካንሰሩ መሀል፣ ያልተጠራ እንግዳ ሰርግ ቤት እንደሚሰገሰግ፣ ሌላ ዘር ተሰግስጎ አየች። ገና ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች! ቦታቸው መቅኒ ውስጥ ነው፤ አንገት ላይ ምን ይሠራሉ?

«ትናንት ዓይንሽ የት ነበር?» ብላ ራሷን ተቆጣች። የት ይሆናል! ሰው አንዱን ካንሰር ካገኘ ሌላውን መፈለግ ይተዋል። የአባባ ነጭ የደም ሴል ከመጠን በላይ በዝቶ ነበር፤ ግን እብጠቱን ባለመድኃኒት በጋለ ብረት ተኩሶባቸው መግል ቋጥሮ ስለነበር ሁሉም «ቁስሉ ነው» አለ። ጣፊያቸው አብጦ ነበር፤ «የሁምቦ ሰው ጣፊያ ካበጠ ወባ ነው» ተባለ። እሷም አብራ ራሷን ነቀነቀች። ምስኪን ወባ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ታማሚዎቹ ክፍል ሮጠች። ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታለች።

«ቆይ! ቆይ! እንዳትጀምሪ!»

አካሚያቸው ዶክተር ሄኖክ ሳቀ። «ምነው፣ አንቺም ከላቦራቶሪ ጓዳሽ ወጣሽ? ዛሬስ በረዶ ይጥላል!»

አልፋው ወደ አልጋው ሄደች። የአባባን አንገት በጣቷ ዳሰሰች፤ ጠባሳው ደርቋል፣ ቆዳም ለብሷል። «ቁስሉ ድኗል፣ ሄኖክ! ታዲያ በዛሬው ምርመራ የነጭ ሴላቸው ቁጥር ለምን አልወረደም?»

ሄኖክ ሳቁን ዋጠው። ከጣታቸው ጠብታ ደም ወስደው ሁለቱም ወደ ላቦራቶሪ ሮጡ። ማይክሮስኮፑ ላይ ከጨቅላው እስከ አዋቂው፣ ነጭ ሴል ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። የደም ካንሰር!

«በኬሞው የአንገታቸው እብጠት ጎደለ ብለን ደስ ሲለን፣ ደማቸው ሊገድልብን ነበር» አለ ሄኖክ፣ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ።

«ለዚህኛው እኮ የሚዋጥ ክኒን አለ! ናሙናውን አዲስ አበባ ልከን እናረጋግጥ እንጂ!»

ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ወደ ታማሚዎቹ ክፍል ተመልሳ ገባች። «አባባ! ሁለት ነው! ሁለት ነው ያገኘነው!»

አባባ ሻንቆ አማርኛ አይሰሙም። ሚስታቸው እማማ ወለተጊዮርጊስ ግን ከአልጋው ጫፍ ተነሡ። «ልጄ፣ ሁለት በሽታ ተገኘ ብለሽ ነው የምትስቂው?»

ትርሐስ ፊቷ ጋለ። መሬት ብትውጣት በወደደች። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ የእማማን እጅ ያዘች። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። አባባን የሚገድላቸው ያልታየው በሽታ ነበር። አሁን ግን አየነው፤ መድኃኒትም አለው።»

እማማ ለባላቸው በወላይትኛ ነገሯቸው። ሽማግሌው ትርሐስን አተኩረው አይተው አንድ ነገር ተናገሩ። እማማ እንባቸውን በእጃቸው እየጠረጉ ሳቁ።

«ሦስተኛም ካለ፣ ሳይመሽ ፈልጊልኝ ይልሻል።»