አምስተኛው ከረጢት

«ሰሌዳውን እንዳትነኩት።»

ዙቤይዳ ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ጎረቤቶቿ ለለቅሶተኛው ምንጣፍ ለማንጠፍ አልጋውንና ጠረጴዛውን ጓሮ አውጥተው ቁም ሣጥኑ ጋ ደርሰው ነበር። ቁም ሣጥኑ ላይ የዳማ ሰሌዳ ተቀምጧል። ሰሌዳው ላይ ስድስት ቆርኪዎች አሉ፤ አራቱ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ሁለቱ ተገልብጠው። ባሏ ከተቀበረ ገና አንድ ቀን ያልሞላት ሴት ስለ ቆርኪ መጨነቋ ሴቶቹን ግራ አጋባቸው። አንዷ «ረቢ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጣት» ብላ ወደ ሌላ ሥራ ዞረች፤ ቁም ሣጥኑም ከነሰሌዳው ባለበት ቀረ።

ልጇ ሳጂዳ ግን ዓይኗን ከሰሌዳው መንቀል አቃታት። ሳጂዳ ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። አርብ ማለዳ ተደውሎላት በመጀመሪያው ሚኒባስ ከሚሴ ስትደርስ አባቷ ታጥቦ ተከፍኖ ነበር፤ ከጁምዓ በኋላ ተቀበረ። አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት የቀራት አንድ ነገር የማወቅ ጉጉት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የተዘጋ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። አባቷ «አንቺን እንኳን ክዳን፣ ግንብም አያቆምሽ» ይላት ነበር።

አባቷ ሸምሱ ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው አጠገብ ባለች በረንዳ ላይ ሠላሳ ዓመት መኪናውን ሲረግጥ፣ ከፊቱ ባለው አግዳሚ ላይ ደግሞ ዳማ ተጫዋቾች ሠላሳ ዓመት ቆርኪ ሲበላሉ ኖረዋል። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የከሚሴ፣ የጨፋ ሮቢትና የሰንበቴ ተጫዋቾች ተሰብስበው በየዓመቱ የዓመቱን ተጫዋች እንምረጥ አሉ። ሽልማቱ ከዋንዛ እንጨት የተሠራ፣ የአሸናፊው ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እጅ በማውጣት መረጡ፤ ሰው ሁሉ ጎን ለጎን እየተያየ ለሚፈራው ሰው እጁን አወጣ። በሁለተኛው ዓመት በወረቀት ሆነ፤ መጻፍ የማይችለው ለጎረቤቱ በጆሮው እየነገረ አስጻፈ፤ ከመግሪብ በፊት የሁሉም ድምፅ በገበያው ተበተነ። በሦስተኛው ዓመት ሸምሱን ዳኛ አደረጉት።

ሳጂዳ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ከረጢቶቹን ሲሰፋ አጠገቡ ተቀምጣ ጥጥ ታቀብለው እንደነበር ታስታውሳለች። ለእያንዳንዱ ተጠቋሚ አንድ ከረጢት። መራጩ አንድ ቆርኪ ይሰጠውና ከመጋረጃ ጀርባ ሳይሆን ሰው ሁሉ እያየው እጁን በየከረጢቱ ውስጥ በተራ ይከታል፤ ቆርኪውን የትኛው ውስጥ እንደተወው ግን ከእሱና ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። ጥጡ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ቆርኪ አፍ አለው ልጄ፣ ቆርኪ ላይ ሲወድቅ ይናገራል» አላት። ፈይሰል የሚባለው የቡድኑ ወጣት ከሁለት ዓመት በፊት ምርጫውን በቴሌግራም እናድርገው ብሎ ስልኩን ሲያሳየው፣ ሸምሱ መነጽሩን አድርጎ ደህና አድርጎ ካየ በኋላ፣ ይሄ ነገር ሰው እየመረጠ ሳለ ማን እንደመራ ይነግረዋል፣ ሰው ደግሞ ወደ ሞላው ያፈሳል ብሎ መለሰለት። ቴሌግራሙ ለማስታወቂያ ቀረ፣ ከረጢቱ ለምርጫ።

ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ሴቶቹ ለወጥ ወደ ጓሮ ሲወጡ፣ ሳጂዳ እናቷ ጎን ቁጭ ብላ ስለ ሰሌዳው ጠየቀቻት።

ዙቤይዳ ነገሩን በሙሉ አወራቻት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ራት ተበልቶ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ከባሏ ጋር ዳማ ትጫወት ነበር። ሴት በረንዳ ላይ ከወንድ ጋር ቆርኪ ስትገፋ አታምርም ተብሎ እንጂ፣ ሸምሱ ከበረንዳው ሰዎች የባሰ የሚፈራው እሷን ነበር። ሳጂዳ ደነገጠች። በልጅነቷ ጠዋት ጠዋት የምታየውን ሰሌዳ አባቷ ብቻውን ሁለቱንም ወገን የሚጫወትበት ይመስላት ነበር።

«ስረታው ግን ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው ያለው» አለች ዙቤይዳ። «"ለቀቅሁልሽ እኮ ነው" ይለኛል፣ ይስቃል። አንድም ቀን ተሸነፍኩ ብሎ አያውቅም። አሁን ይሄን ረቡዕ ጀመርነው፤ ተራው የኔ ነው፤ ምን እንደምጫወት በዚያው ሰዓት አይቼዋለሁ። ነገ እንጨርሰዋለን አለ። ሐሙስ ምርጫው አድክሞት መጣ፣ አርብ ሱብሒ ላይ…» ቀና ብላ ሰሌዳውን አየችው። «እየለቀቀልኝ ከሆነ ልጨርሰው አልፈልግም። እሱን ሳልጠይቀው ቀረሁ ልጄ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።»

ሰው በሞት ጊዜ የሚያንገበግበው ነገር ከውጭ ሲያዩት ትንሽ ነው። ሳጂዳ የእናቷን እጅ ያዘች።

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም፤ የሻይ ፔርሙስ ይዛ በድንኳኑ ጀርባ ስታልፍ በሸራው በኩል የኸይሩን ድምፅ ሰማች። ኸይሩ እህል ነጋዴ ነው፤ ዘንድሮ ከተጠቆሙት አራት ተጫዋቾችም አንዱ። «ሙት ወቃሽ አያርገኝ እንጂ» ይላል ቀስ ብሎ፣ «የተጠቆምነው አራት ነን፣ የተሰቀለውም አራት ከረጢት ነው። እኔ ግን በዓይኔ አምስተኛ አይቻለሁ። ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ምርጫው አልቆ ሰው ሲበተን፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሲከተው።» አንድ ሰው ለሟች ዱዓ ነው የሚያስፈልገው ብሎ ሊያስቆመው ሞከረ። ኸይሩ ግን ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ነው የሚባለው፤ ጥፋተኛው ዳኛው ራሱ ሲሆንስ ለማን ይነገራል አለ።

የሳጂዳ ፊት ጋለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አባቷ አሁን ጆሮም የለው።

ኸይሩ ከአባቷ ጋር የቆየ ቂም እንዳለው ታውቃለች። ሸምሱ ባወጣው ደንብ ተጫዋች ራሱን አይጠቁምም፤ የሚጠቁመው የተሸነፈው ነው። እገሌ በዚህ ቀን በዚህ ጨዋታ እንዲህ አድርጎ አሸነፈኝ ብሎ በወረቀት ጽፎ ይፈርማል። ሸምሱ ሰው ስለ ሽንፈቱ አይዋሽም የሚል እምነት ነበረው። የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዘመድ ግን ጠቋሚ መሆን አይችልም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ኸይሩን የእህቱ ባል ጠቆመው። ሸምሱ ወረቀቱን ውድቅ አድርጎ፣ ኸይሩ ሰው ፊት እንዳያፍር እህል መጋዘኑ ድረስ ሄዶ ለብቻው ነገረው። ኸይሩ ግን እዚያው ጮኸበት፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታቸው ከ«አሰላሙ ዓለይኩም» አላለፈም።

ሳጂዳ ወደ ውስጥ ገብታ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የአባቷን ኮት አወረደች። ግራ ኪሱ ውስጥ መርፌ እንዳይወጋው ጣቱ ላይ የሚያጠልቀውን ቆብ፣ የክር ጥቅልልና ግማሽ ማስቲካ አገኘች። በቀኙ ኪስ ከረጢቱ ነበረ።

ልክ እንደ አራቱ ነው፤ ያው ጨርቅ፣ ያው ቀይ ክር፣ አፉ ላይ የአባቷ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት። ስትዳብሰው ቆርኪ የለበትም። የሚንኮሻኮሽ ወረቀት ነው። መቀሱ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ አራት ጊዜ ቢቆረጥ ይፈታል። የከረጢት አፍ ግን ምርጫው ሲያልቅ ተሰፍቶ፣ በቆጠራው ቀን ሦስት ምስክር ባለበት እንጂ አይፈታም። አንድ ዓመት ሦስተኛው ምስክር ሰንበቴ ገበያ ከብት ሊሸጥ ሄዶ ሲቀር፣ አባቷ ቆጠራውን ሳምንት ሙሉ አቁሞ ነበር።

ጓሮ ድስት ተጥዷል፤ እሳቱ ይነዳል። ከረጢቱን እሳቱ ውስጥ ጥላው ብትመለስ ማንም አያውቅም። ሌላ የተጠቆመ ሰው ደብቆ እንደሆነስ? አሥራ ሁለት ዓመት በዳኝነት የኖረ ሰው ስሙ ገና አፈሩ ሳይደርቅ በድንኳን ውስጥ ሊበላሽ ነው። ፈራች። እስከ ምድጃው ሄዳ ቆመች። ግን ካቃጠለችው ውስጡ ምን እንደነበረ ዕድሜ ልኳን ሳታውቅ ልትኖር ነው፤ ስለ አባቷም የምታውቀው የኸይሩን ወሬ ብቻ ይሆናል። ከረጢቱን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከታ ወጥ አማሰለች።

እሁድ ሦስተኛው ቀን ነው። ከዱዓ በኋላ የቡድኑ አዛውንት ሐጂ አብዱልጀሊል፣ ሟች እጅ በአማና፣ በአደራ የቀረ ነገር ከትከሻው ቶሎ መውረድ አለበት፣ ቆጠራውን እዚሁ እንጨርስለት አሉ። ወሬው እሳቸውም ዘንድ ደርሶ ነበር። ድንኳኑ ጠባብ ስለሆነ ትልቁ ክፍል ገቡ፤ ዒዳዋን፣ የባሏን የሐዘን ጊዜ፣ የምትጠብቀው ዙቤይዳ ከመጋረጃው ወዲያ ባለችው ጓዳ ነበረች። ሳጂዳ የከረጢቶቹን ሣጥን አምጥታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እጇን ኪሷ ከታ አምስተኛውን አወጣችና ከሣጥኑ ጎን አኖረችው።

ሰዎቹ ወደ ከረጢቱ ጠጋ ጠጋ አሉ። ኸይሩ እንኳ እንዲህ በግልጽ ይወጣል ብሎ አልጠበቀም መሰል፣ ቶሎ ብሎ ምንጣፉን አየ።

መጀመሪያ አራቱ ተፈቱ። የታደለው ቆርኪ ሠላሳ ሰባት ነበር፤ የተገኘውም ሠላሳ ሰባት። የሰንበቴው ዑመር አሥራ አራት፣ ኸይሩ አሥራ አንድ፣ ሌሎቹ ሰባትና አምስት። ዑመር ለቅሶ ቤት ስለሆነ አልተጨበጨበለትም፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ «ረቢ ሃ ራህመቱ» አለ፣ ጌታ ይማረው ማለቱ ነው።

ሳጂዳ አምስተኛውን ፈታች። አራት ቦታ የታጠፈች አንድ ወረቀት። ሐጂ አብዱልጀሊል ሊቀበሏት እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ሐሳባቸውን ቀየሩ።

«ያየኸው አንተ ነህ ኸይሩ» አሉ። «አንተው አንብብ።»

ኸይሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«"ጠቋሚ፦ ሸምሱ፣ ልብስ ሰፊ። ተጠቋሚ፦ ዙቤይዳ፣ የቤት እመቤት። የተሸነፍኩበት ጨዋታ፦ ረመዳን በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ከኢፍጣር በኋላ። ሁለት ቆርኪ አብልታኝ አራት በላችብኝ። ወጥመዱን ያየሁት ከተበላሁ በኋላ ነው።"»

እዚህ ላይ ቆመ፤ ቀጣዩን መስመር ለራሱ አንብቦ ወደ መጋረጃው ቃኘ።

«"ለቅቄላት አይደለም። እስከ ዛሬም ለቅቄላት አላውቅም።"»

ኸይሩ ከመስመሩ በታች ያለውን ዘገም ብሎ አነበበ። «"ውሳኔ፦ ውድቅ። ምክንያት፦ ጠቋሚው ዳኛ ነው፤ ተጠቋሚዋም ባለቤቱ ናት። ወረቀቱ ለአንድ ዓመት ታሽጎ ይቀመጥ። ለተጠቋሚዋ የተነገረበት ቀን፦"» ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

ሸምሱ ከዚያ ሁሉ ዓመት ዘንድሮ ምን ነክቶት እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። ራሱ ጠቁሞ፣ ራሱ መርምሮ፣ ራሱን ጥሎታል። አንድ ሽማግሌ ፈገግ አለና ወዲያው ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። ሳጂዳ ታለቅስ ነበር፤ እያለቀሰች ደግሞ እንዲህ ያለ አባት ስለነበራት ደስ አላት፤ ሁለቱም በአንድ ላይ መጡባት።

ኸይሩ ወረቀቱን አልመለሰም። «የኔንም ወረቀት በዚሁ ቃል ነበር የጻፈው» አለ። «ውድቅ ብሎ፣ ከነምክንያቱ። ለኔ ብቻ ያወጣው ደንብ ይመስለኝ ነበር። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ።» ሳጂዳ አውፍ ብያለሁ አለችው።

ያኔ ከመጋረጃው ወዲያ ዙቤይዳ ተናገረች። «ኸይሩ፣ ማሎ፣ እባክህ ያቺን መስመር ድገምልኝ።»

ኸይሩ ደገመላት። ከዚያ እስክሪብቶ ለምኖ፣ በባዶው ቦታ ላይ «እሁድ» ብሎ ጻፈ።

ከዐስር ሰላት በኋላ ድንኳኑ ተነቀለ። ሴቶቹ አልጋውን ሊመልሱ ሲገቡ ዙቤይዳ ከጓዳ ወጥታ ሳጂዳን ሰሌዳውን እንድታወርድላት አዘዘቻት። ሳጂዳ ቆርኪ እንዳይንሸራተት ትንፋሿን ይዛ አወረደችና ምንጣፉ ላይ አኖረችው። ዙቤይዳ ከፊቱ ተቀመጠች፤ ባሏ ይቀመጥበት የነበረው ወገን ባዶ ነው። ፊታቸውን ወደ ላይ ካደረጉት የራሷ ቆርኪዎች አንዱን አንስታ የመጀመሪያውን የባሏን ቆርኪ ዘለለችው፤ ሳታርፍ ሁለተኛውን ዘለለች። እንባዋ ሰሌዳው ላይ ጠብ አለ። ሁለቱን የተገለበጡ ቆርኪዎች ለቀመች፤ ሻርፗን ከትከሻዋ ሳብ አድርጋ ጫፉ ላይ ቋጠረቻቸውና ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው።