ለባሱ ቦታ ፍለጋ

ከተጣለ ቁም ሣጥን ጣውላ ቆርጬ፣ ከአሮጌ ታክሲ የተነቀለ ስፒከር ገጥሜ፣ ለመኝታ ቤታችን የሙዚቃውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ የባስ ሣጥን ሠራሁ። ስከፍተው የኮሪደሩ በር ይንቀጠቀጣል፤ አልጋዬ ላይ ግን ባስ የሚባል ነገር የለም። ለፍቼ ለጎረቤት ሆነ።

ስፒከሩን ለሸጠልኝ ቴፕ ጠጋኝ ብነግረው ሳቀብኝ።

"ሣጥኑን ትራስህ ላይ አስቀምጥና አንተ ወለሉን እየዳህክ ክፍሉን ዙር። ባሱ ደህና የተሰማህ ጥግ፣ የሣጥኑ ቦታ እሱ ነው፤ እዚያ ስታስቀምጠው ትራስህ ላይ እንደዚያው ይሰማሃል።"

ጤነኛ ሰው የሚሠራው አልመሰለኝም። ሠራሁት።

ልብስ ሰፊዋ ባለቤቴ ስትገባ ሣጥኑ ትራሴ ላይ ጋደም ብሎ ይዘፍናል፤ እኔ የስፌት መኪናዋ ሥር ተንበርክኬያለሁ።

"ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ?"

"ቦታው ተገኘ! የስፌት መኪናሽ ከዚህ ይነሳልኝ።"

ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤ መርፌዋ ላይ ክር አስገባች።

"የስፌት መኪናዬ ንቅንቅ አይልም። ሣጥንህም ከተመቸው አልጋው ላይ ይተኛ። አንተ ደግሞ ደህና የሰማህበት ተኛ።"

ብርድ ልብስ ወረወረችልኝ።

ባሱ ግን፣ አይካድም፣ ከስፌት መኪናው ሥር ግሩም ነው።