ከነተከራዩ የሚሸጥ ቤት

ሙዚቀኛው ጉንጩን ነፍቶ ትራምፔቱን አስጮኸው። በር እግሯን የያዛት ፍየል እንኳ እንዲህ አትጮህም። ቤቱን ሊያዩ የመጡት ባልና ሚስት ጆሯቸውን ይዘው ከመኝታ ክፍሉ ወጡ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለች ሚስቲቱ።

"ኧረ ዛሬስ እንግዳ ስላለ ቀለል አድርጌው ነው። ጉዱ ያለው ተማሪዎቼ ሲመጡ!"

"ነይ እንሂድ፤ ሌላ ቤት ጠፍቶ ነው?" አለ ባልየው፣ ክንዷን ይዞ እየጎተተ።

ሙዚቀኛው አንድም ተማሪ አልነበረውም። ከማርሽ ባንድ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለራሱ ብቻ ነበር የሚነፋው። ልጁን አሳድጎ የዳረው፣ ሚስቱንም ለመጨረሻ ጊዜ የሸኛት ከዚህ የኪራይ ቤት ነው። አከራዩ የባንክ ብድር መክፈል አቅቶት ቤቱ ለሐራጅ ሲወጣ፣ ተጫራቾችም መጥተው የሚያዩበት ቀን ሲቆረጥ፣ አንድ ዘዴ መጣለት። ገዢ ከጠፋ ሐራጁ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል፤ እሱም ጥቂት ወራት ያገኛል። ልጁ "አባዬ፣ እኛ ጋ ና" ብትለውም የምትኖረው አፓርታማ ላይ ነው። እዚያ እንኳን ትራምፔት መንፋት ማስነጠስም ከጎረቤት ያጣላል።

አንድ ቦርጫም ባለ መጋዘን በጩኸቱ መሀል ግቢውን በእርምጃ ለክቶ ወጣ። በመጨረሻ ሁለት እህትማማቾች ብቻ ቀሩ። ታናሺቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቧንቧ ትከፍታለች፣ ግድግዳውን በጣቷ ታንኳኳለች፣ ጩኸቱን ከቁብም አልቆጠረችው። ታላቂቱ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላለች።

"እታለም፣ በፈጠረሽ እንውጣ! ጆሮዬ ሊፈነዳ ነው።"

"ተይ እንጂ እትዬ! እኔ ካስኩ ሁሉ እየጮኸ፣ ደንበኛው ሁሉ እኩል እያወራ አይደል እንዴ ፀጉር ስሠራ የምውለው?"

እነሱም ወጡ። ሙዚቀኛው እፎይ ብሎ ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ ጩኸት የገዛ አፉ መሮት ስለነበር ለማጣፈጫ ያህል አንድ የቆየ ዜማ ቀስ አድርጎ ተጫወተ። ሲጨርስ ቀና ቢል ፀጉር ሠሪዋ ደጃፉን ተደግፋ ቆማለች።

"ያዝኩዎት!" አለች እየሳቀች። "ቅድምም ጠርጥሬ ነበር። ያንን ጩኸት ሲያወጡ ፊትዎ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ይጨማደድ ነበር።"

ሙዚቀኛው የሚገባበት ጠፋው። "እንግዲህ ክሰሺኝ፣ የኔ ልጅ።"

"ምን በወጣዎት? ተጫራች አባረሩልኝ እኮ! የምሠራበት ሕንፃ ሊፈርስ ስለሆነ እኔ መግቢያ ነው የቸገረኝ። ይልቅ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ቤቱ ምን ጉድለት አለው?"

ጠዋቱን ሙሉ ሲዋሽ የዋለው ሰውዬ አሁን ውሸት እምቢ አለው።

"ዝናብ ሲጥል የማድ ቤቱ ጣሪያ ያፈስሳል። ከዚያ ወዲያ ጤነኛ ቤት ነው። ጎረቤቱም ጨዋ ነው።"

አመስግናው ስትሄድ "ምን ነካኝ?" ብሎ ራሱን ወቀሰ።

የሐራጁ ቀን ሙዚቀኛው አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠ። ዋጋው ሲወጣ ሲወጣ ሌሎቹ አንድ በአንድ ተንጠባጠቡና ባለ መጋዘኑና ፀጉር ሠሪዋ ብቻ ተፋጠጡ። እሷ እጇን ባነሳች ቁጥር ታላቅ እህቷ ቀሚሷን ትጎትታለች። "በቃሽ! አብደሻል? በቃሽ!"

በመጨረሻ ፀጉር ሠሪዋ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። አቅሟ እዚያ ድረስ ነበር።

ባለ መጋዘኑ ዞር ብሎ አያትና ሳቀ። "እመቤቴ፣ ፀጉር መተኮስና ቤት መግዛት ለየቅል ነው።"

"አንድ ጊዜ!" አለ ሐራጅ ባዩ። "ሁለት ጊዜ!" መዶሻውን ሲያነሳ አንድ እጅ ከነቦርሳው ወደ ላይ ተወነጨፈ። የታላቂቱ እጅ ነበር።

"እትዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ዝም በይ! በኔ እህት ላይ ማንም አይገለፍጥም! የኔስ ብር ለመቃብሬ ነው እንዴ የተቀመጠው?"

ባለ መጋዘኑ ስልኩን አውጥቶ ሲደምር ሲቀንስ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። መዶሻው ወረደ። እህትማማቾቹ ተቃቀፉ። ታላቂቱ "ወይኔ ጉዴ! ምን አደረግሁ!" እያለች አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች።

ሙዚቀኛው ውጭ ደረጃው ላይ ጠበቃቸው። ባርኔጣውን አወለቀ።

"እንኳን ደስ ያላችሁ። እንግዲህ መቼ ልልቀቅላችሁ?"

"ማን ይልቀቁ አለዎት?" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "እኔ የምፈልገው ወደ መንገድ የሚከፈተውን የፊቱን ክፍል ነው። በጓሮ ያሉት ክፍሎች ባዷቸውን ነፋስ ከሚያፏጭባቸው እርስዎ ይንፉባቸው።"

"ኪራይ ግን ይከፍላሉ!" አለች ታላቂቱ እንባዋን እየጠረገች። "ደግሞ እንደዚያን ቀን ከነፉ እኔው ራሴ ነኝ የማስወጣዎት።"

"እከፍላለሁ! አልነፋም... ማለቴ እነፋለሁ፣ ግን..." ምላሱ ተሳሰረ። ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ።

ቤት ገብቶ ገና ባርኔጣውን ሳይሰቅል ልጁ ደወለች።

"አባዬ፣ ተሸጠ አይደል? እቃህን የሚጭን መኪና ልፈልግ?"

ሙዚቀኛው አልጋውን አየ። ፀሐይ በማለዳ በምትገባበት የፊት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ እሱና ሚስቱ ካስቀመጡት ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። እህትማማቾቹ ቤቱን የሚረከቡት በሚቀጥለው ወር ነው፤ እስከዚያ ተነስ የሚለው የለም።

"መኪናው ይቅር፣ ልጄ" አላት። "ባልሽን ብቻ ላኪልኝ፤ አልጋዬን ወደ ጓሮ ክፍል አብሮኝ የሚሸከም ሰው እፈልጋለሁ። ከቻለ ዛሬውኑ ይምጣ።"