ለቡሽራ መነሳት

በሚስታቸው በወለተሥላሴ ለቅሶ ላይ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ለቄሱ ተነሱ፤ ለቡሽራ ግን አልተነሱም። ቄሱ ሲገቡ ሁለት የሰፈር ጎረምሶች በብብታቸው ይዘው አቁመዋቸው ነበር። ጎረምሶቹ አስቀምጠዋቸው እንደወጡ ቡሽራ ገቡ፤ የጊደር መጋላ ገበያው እህል ነጋዴ፣ የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው። የአቶ ወልደ ጊዮርጊስ ጉልበት እምቢ አለ። በሰው ፊት «አቃተኝ» ማለቱ ደግሞ አሳፈራቸው፤ እንደተቀመጡ እጃቸውን ዘረጉ። ቡሽራ አይተዋቸው ወጡ፤ ለቄሱ ግን መነሳታቸውን ኋላ ከለቀስተኛ ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ፈላና በር ሰፈር ያለውን የወዳጃቸውን ደጅ አልረገጡም።

የአቶ ወልደ ጊዮርጊስ ልጅ ልደት በባጃጅ ክሊኒክ እያደረሰቻቸው ትመለስ ጀመር። ፊዚዮቴራፒስቷ ነፃነት የደም ግፊት መለኪያ የመሰለ ሰፊ ማሰሪያ ጭናቸው ላይ አስራ ትነፋዋለች።

«ከባድ ብረት መገጣጠሚያዎን ይጎዳል፣ አባቴ። ደሙ በከፊል ሲታገድ ግን ጡንቻው በትንሽ ክብደት ይበረታል። ቤት ብቻዎን እንዳያስሩት!»

«እንደ በሬ ጠልፈሽ ልትጥይኝ ነው» አሉ፣ ላብ እያጠመቃቸው።

«ለማን ብለው ነው እንዲህ የሚተጉት?»

«ለአንድ ኩርፈኛ።»

ከወራት በኋላ እጃቸውን ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት ቻሉ። መጀመሪያ ቡሽራ እንዲያዩላቸው ፈልገው ነበርና ለልደት እንኳ ደበቁ።

ልደት ግን ኩርፊያው አንገብግቧት ጊደር መጋላ ወርዳ ኖሯል። አንድ እሑድ ቡሽራን ይዛ መጣች። ቡሽራ በሩ ላይ ቆሙ።

«ወልዴ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። እግሩ አይታዘዝለትም፣ መቆም አይችልም ብላ በማርያም ማለችልኝ። እኔ ደግሞ ንቆኝ ነው ብዬ...»

አልጨረሱም። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ፊታቸው በርቶ፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ቀጥ ብለው ተነሱ።

ቡሽራ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው።

«ማሻ አላህ» አሉ በቀስታ። «ያኔም ትችል ነበራ።»

«አሁን ነው የቻልኩት! ጭኔን እያሰሩ፣ ደሜን እያገዱ...»

«ታስሮ የሚበረታ እግር የት አየህ? እኛ አህያ የምናስረው እንዳይሄድ ነው። ለቄስህ ተነሳህ፣ ለእኔ አልተነሳህም፤ ይሁን። ልጅቱን ለምን በሐሰት አስማልካት?»

«ጋሽ ቡሽራ፣ እውነቱን ነው...» ልደት እጃቸውን ያዘች።

«ተይ ልጄ። አንዴ ምለሻል።»

እጃቸውን አስለቅቀው ወጡ። ልደት እስከ መንገዱ ተከትላቸው ብቻዋን ተመለሰች።

«ምናለ ቁጭ ብለው ቢቀበሏቸው፣ አባባ?»

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ እንደቆሙ ነበሩ።

«እንግዳ መጥቶብኝ?» አሉ።