የእትዬ ሀብትነሽ ጃንጥላ

የቡሬ ገበያ ለእትዬ ሀብትነሽ ጃንጥላ ሰገደ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ያምሮት ከዚያ ወዲህ ለስንት ሰው ብታስረዳም ከዚህ አሳምራ መናገር አልቻለችም።

ቅዳሜ ነበር፣ የፍልሰታ ጾም፤ ካፊያው ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። እትዬ ሀብትነሽ ጎመናቸውን ገዝተው ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከካቡ በላይ የሚታየው ጃንጥላቸው ብቻ ነው። ጃንጥላ ሲባል ደግሞ ሰው ሁሉ የሚይዘው ጥቁሩ አይደለም። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንዠረገገበት፣ በየዘርፉ ጫፍ ጥፍር የሚያካክሉ ቃጭሎች የተንጠለጠሉበት። ሴትዮዋ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላና የካህናት ካባ ሰፍተው ነው የሚተዳደሩት፤ ከቁርጥራጩ አጠራቅመው ለራሳቸውም አንድ ሠሩ።

አያ ወንዳወቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ ቃጭሉን ሰሙ፤ ቀና ሲሉ ዘርፉን አዩ። ታቦት መጣ ብለው ጭቃው ላይ ከነአዲስ ጋቢያቸው ተደፉ። እሳቸው ሲደፉ ድንች ሻጮቹ ተደፉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንድ ባለባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ተንበረከከ። ከዚያ ካቡ አለቀና እትዬ ሀብትነሽ ከነጎመናቸው ብቅ አሉ። ብቅ ብለውም አልቆሙ፤ እሳቸውም ጭቃው ላይ ዘፍ አሉ።

ያምሮት የእህታቸው ልጅ ናት። እሳቸው ቤት አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ፍኖተ ሰላም ተቀጥራ ትሠራለች፤ ለእረፍት ቀኗ መጥታ ነበር። ከጃንጥላው ጋር ላለመታየት ብላ ራቅ ብላ ዝናብ እየመታት ስትከተል ነበርና፣ አክስቷ አዳልጧቸው የወደቁ መስሏት ሮጣ አነሣቻቸው። ገበያው ሁሉ ያያቸው ነበር። አንዷ ድንች ሻጭ ሳቋን መያዝ አቃታት።

እስከ ማታ ድረስ የሰፈሩ ጎረምሳ አያ ወንዳወቅን «ለጎመን የሰገዱት» ብሎ ሰየማቸው። የሰበካ ጉባኤውም ቃሉን ላከ፦ ሽማግሌው ይቅር ካላሉ፣ ለነሐሴ አሥራ ስድስት ታቦቱ የሚወጣበትን አዲሱን ጃንጥላ ሌላ ሰፊ ይጨርሰዋል። እትዬ ሀብትነሽ ያን ጃንጥላ ክረምቱን ሙሉ ሲሰፉት ነበር። መልእክቱን ሲሰሙ የስፌት መኪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ያምሮት አክስቷን እንደዚያ አይታቸው አታውቅም። ስለዚህ እየተበሳጨች ከቤት ቤት ዞረች፤ ለመነች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ እንዲመጡ አደረገች።

እሑድ ጠዋት ትእዛዟ አጭር ነበር። «ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ። አጥፍቻለሁ ይበሉ። ሌላ ነገር አይናገሩ።»

እትዬ ሀብትነሽ ነጩን ቀሚስ ለብሰው ወጡ። ያምሮት ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አዝራር ነዋ።»

«አንዱ ዓሣ፣ አንዱ አበባ፣ አንዱ ደግሞ… ይሄ ጥርስ ነው?»

«ጨረቃ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ከየቱ እንደምጀምር በምን አውቃለሁ?»

«ከላይኛው! ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከላይኛው ነው!»

«አየሽ፣ እኔ ከዓሣው ነው» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ።

ያምሮት ጥርሷን ነከሰች። ነጠላውን ራሷ አስተካክላ አዝራሮቹን ሸፈነች። ለይቅርታ ጫንቃቸው ላይ የሚሸከሙትን ድንጋይ ማታውኑ ከደጅ መርጣ በሩ ሥር አስቀምጣ ነበር፤ ደህና ጥቁር ድንጋይ። አሁን ስታየው የለም። በቦታው ከወንዝ የመጣ ነጭ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ብርሃን ሲነካው ያብለጨልጫል።

«እትዬ፣ ድንጋይ እኮ ድንጋይ ነው።»

«ታዲያ የሚያምረው ቢሆን ማንን ይጎዳል? የምሸከመው እኔ።»

በሩ ተንኳኳ።

የመጡት ሦስት ናቸው። አባ ክንፈሚካኤል፣ የደብሩ ቄስ፤ ከሰበካ ጉባኤው አቶ ጌታሁን፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው፤ መጨረሻ ላይ አያ ወንዳወቅ። ጋቢያቸው ታጥቧል፤ ግን ጉልበታቸው ላይ የጭቃው ቀለም አለቀቀም። ያምሮት ያን ቢጫ እድፍ ስታይ አሳዘኗት፤ ወዲያው ደግሞ በአክስቷ ተናደደች።

አባ ክንፈሚካኤል ጸሎት አድርሰው ተቀመጡ። እትዬ ሀብትነሽ ድንጋዩን ጫንቃቸው ላይ አድርገው ከአያ ወንዳወቅ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አያ።»

አያ ወንዳወቅ ድንጋዩን ትክ ብለው አዩ።

«ድንጋዩ ያበራል» አለ አቶ ጌታሁን። «ለይቅርታ ነው ለሠርግ?»

«ለይቅርታ ነው» አለች ያምሮት ፈጠን ብላ። «ሌላ ስላልተገኘ ነው።»

«ቡሬ ድንጋይ ጠፋ?»

አባ ክንፈሚካኤል በእጃቸው ዝም አሰኙት። አያ ወንዳወቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። እኛ ስንደፋ አንቺ ጎንበስ ስትይ አይቻለሁ። ሳቅሽን ልትደብቂ ነበር?»

እትዬ ሀብትነሽ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ቀና አሉ። «ሳቅ? እኔማ ሰግጄ ነው!»

«ለማን?»

«ለታቦቱ ነዋ! ሰው ሁሉ ሲደፋ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ከኋላዬ መጣ ብዬ ጎመኔ ላይ ተደፋሁ። ልሳለም ዘወር ብል ይቺ ብቻ ቆማለች» ብለው ያምሮትን አመለከቱ።

ያምሮት ጆሮዋን ማመን አቃታት። የራሳቸውን ጃንጥላ ይዘው፣ ከራሳቸው ጃንጥላ ሥር!

መጀመሪያ የአያ ወንዳወቅ ትከሻ ተነቃነቀ። ቀጥሎ ሳቁ መጣ፤ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚወጣ ውኃ እየተንገጫገጨ። «እንግዲያ ለጎመን የሰገድን ሁለት ነና!» አሉና ተነሥተው ድንጋዩን ከጫንቃቸው አወረዱላቸው። «ይቅር ይበልሽ። ይቅር ይበለን።»

አቶ ጌታሁን ግን ነገር ሲያልቅ አይወድም። «ቆይ፣ አንቺስ?» አላት ያምሮትን። «ሕዝብ ሲሰግድ ለምን ቆምሽ?»

«ጃንጥላ መሆኑን አውቄ ነዋ!»

«የተማረ ሰው መልስ።»

«ታዲያ ልስገድ? ለከፋይና ለሽቦ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። ከትናንት ጀምሮ ለእነዚህ ሰዎች የሮጠች እሷ፣ ጥፋተኛዋም እሷ ልትሆን ነው።

«ተዋት» አሉ አያ ወንዳወቅ። «አንድ ሰውስ መቆም አለበት። ማን ያነሣን ነበር?»

አባ ክንፈሚካኤል ፍርዱን አጠር አድርገው ተናገሩ። ዘርፉና ቃጭሉ እዚሁ ይውለቅ። ከእንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ንዋይ የሚመስል ነገር በመንገድ እንዳይታይ። አዲሱን ጃንጥላ እትዬ ሀብትነሽ ይጨርሱ። ለዚህም ዋስ ይጠራ።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አለች ያምሮት። «በእኔ ይሁንብዎ፣ አባ። ሌላ ጉድ አይኖርም።»

መቀሱን ለአክስቷ ስትሰጣቸው ያለቅሳሉ ብላ ነበር፤ የማጽናኛ ቃልም አዘጋጅታለች። እሳቸው ግን በግ እንደሚሸልት ሰው ዘርፉን ዙሪያውን ሸረከቱት፤ ሽማግሎቹ የቀረበላቸውን ጠላ ሳይጨርሱ አለቀ። አያ ወንዳወቅ ሲወጡ ከቃጭሎቹ አንዷን ለጥጃቸው ለምነው ኪሳቸው ከተቱ። አቶ ጌታሁን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ሽማግሎቹ እንደሄዱ ዝናቡ ባሰበት። ያምሮት ከመምሸቱ በፊት ፍኖተ ሰላም መግባት አለባት። ቦርሳዋን አነሣች።

«ዛሬስ ኮራሁብዎት» አለች፤ ከልቧ ነበር። «እንደ ትልቅ ሰው ጨረሱት። ይኸው፣ አሁን ጃንጥላ ጃንጥላ መሰለ። እኔ ልያዘው፣ በሚቀጥለው ስመጣ እመልሰዋለሁ።»

«ያዢው» አሉ እትዬ ሀብትነሽ፤ ፈጥነውም ወደ ስፌት መኪናቸው ዞሩ።

ያምሮት በሩን ከፍታ ጃንጥላውን ዘረጋችው። ቅጭል አለ። ቀና አለች።

ውስጡ ሌሊት ነው። ጥቁር ሰማያዊ ገበር፣ ላዩ ላይ በብር ክር የተሰፉ ኮከቦች። በአንደኛው በኩል ፀሐይና ዝናብ አንድ ላይ ወጥተው ጅብ ትወልዳለች፤ ግልገሎቿ ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። በሌላው በኩል ቁራ የልጅ ጥርስ በአፉ ይዞ ጣራ ላይ ቆሟል። ከሽቦዎቹ መገጣጠሚያ ሥር አንዲት ቃጭል ተንጠልጥላለች።

«እትዬ!»

«አቤት።»

«እኔ እኮ ዋስ ነኝ! በአፌ ጉድ አይኖርም ብዬ ስምል እዚያ ቁጭ ብለው ይሰሙኝ ነበር!»

«አባ ያሉት በመንገድ እንዳይታይ ነው። ውስጡን ከሥሩ ካለው ሰው በቀር ማን ያያል?»

«ጅብ ስትወልድ! ሃምሳ ዓመት አልፎዎታል እኮ! ይሄ የልጅ ነገር አይደለም?»

እትዬ ሀብትነሽ መርፌያቸው ውስጥ ክር ለማስገባት አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የልጅማ ነው። ልጅ ሳለሁ ግን ከፋዩን ማን ይሰጠኝ ነበር?»

ያምሮት ሌላ ጃንጥላ ፍለጋ ቤቱን በዓይኗ አሰሰች፤ ያለው በመኪናው ላይ የተዘረጋው የታቦቱ ብቻ ነው። ደጅ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ ነው። ጃንጥላውን ጆሮዋ ድረስ ዝቅ አድርጋ ያዘች፤ ማንም ጎንበስ ብሎ እንዳያይ። ቃጭሏ አናቷ ላይ እንደገና ጮኸች።

«ዝም በይ» አለቻት፤ ወጣችና በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው።